በሮም የቆዳ ክሊኒክ፦ ቋንቋ ሲያጥር ምን ይዞ መቅረብ ይገባል?

አንድ ኢትዮጵያዊ በጣሊያን መዲና ሮም ከሚገኝ የመንግሥት የቆዳ ክሊኒክ ገብቶ ሐኪም ፊት ተቀምጧል እንበል። ሐኪሙ ጣሊያንኛ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ታካሚው ክንዱን አሳይቶ “ይበላኛል” ማለት ይፈልጋል። ቃሉን በእጅ ስልኩ ላይ ባለው የትርጉም መተግበሪያ ሲያስገባው ግን በጣሊያንኛ የሚወጣው “እኔን ይመገባል” የሚል ሊሆን ይችላል። “አልማዝ ባለጭራ” ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ሐኪሙ የሚያነበው ስለ ከበረ ድንጋይና ስለ ጭራ ነው። “ምች መታኝ” የሚለውማ ከነጭራሹ አቻ አይገኝለትም።

አማርኛ ፌርማታን፣ ጎማንና ፋብሪካን የመሳሰሉ ቃላት ከጣሊያንኛ ወርሷል። በሐኪም ፊት ግን እነዚህ ቃላት ሩቅ አያስኬዱም። ችፌ፣ ጭርት፣ ቋቁቻ፣ ቁንጭር፣ ማድያት የሚሉት የቆዳ ሕመም ስሞች በሀገር ቤት ሁሉም የሚያውቃቸው ቢሆኑም ድንበር ሲሻገሩ ትርጉማቸውን ያጣሉ። የሕመሙ ታሪክ ግን ድንበር ይሻገራል። መቼ እንደጀመረ፣ ከየት ቦታ እንደተነሣ፣ ምን እንደተቀባበት፣ በቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይዞት እንደሆነ በአጭሩ ተጽፎ ከቀረበ በየትኛውም ቋንቋ ሊተረጎም ይችላል። ቋንቋ በማይገባበት ሀገር የቆዳ ሕክምና የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያዘጋጀው የሚገባውም ይህንኑ ታሪክ ነው።

ለቆዳ ሕሙማን የተሠራው ሆስፒታል

ሮም ለቆዳ ሕክምና አዲስ አይደለችም። የሳን ጋሊካኖ ሆስፒታል የቆዳ ሕመምተኞችን ለማከም ታስቦ እ.ኤ.አ. በ1725 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክት 13ኛ ዘመን ተመሠረተ። በዚያ ዘመን የቆዳ ሕሙማን ከሰው ተለይተው የሚገፉ ስለነበሩ ለእነርሱ ብቻ ሆስፒታል መሥራት ያልተለመደ ነበር። ትራስቴቬሬ በተባለው ጥንታዊ ሰፈር በሚገኘው በዚያ ሕንፃ ዛሬ ሌላ ተቋም ይሠራል። የስደተኞችን ጤና ለማጎልበትና ከድህነት ጋር የተያያዙ በሽታዎችን ለመዋጋት እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የጣሊያን ብሔራዊ ተቋም ነው። ከሐኪሞች ጋር ከተለያዩ ሀገራት የመጡ የባህልና የቋንቋ አስማሚዎች በተቋሙ ያገለግላሉ።

የሮም የቆዳ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ ጋርም ትውውቅ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት የሳን ጋሊካኖ ባለሙያዎች በመቀሌ የጣሊያን የቆዳ ሕክምና ማዕከል ከፍተው የሠሩ ሲሆን በሰሜን ኢትዮጵያ ስለሚታየው የቁንጭር በሽታም ጥናት አሳትመዋል። ይሁን እንጂ በጣሊያን ያሉ ሐኪሞች ሁሉ ይህ ልምድ አላቸው ማለት አይደለም። ከሮም ውጪ ባለ አነስተኛ ከተማ የሚሠራ ሐኪም በሙያ ዘመኑ ኢትዮጵያዊ ታካሚ ላይገጥመው ይችላል።

ወደ ክሊኒኩ የሚያደርሰው መንገድ

የጣሊያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ሕግ ነው። ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸውና ጥገኝነት የጠየቁ የውጭ ሀገር ዜጎች በአገልግሎቱ ተመዝግበው “ቴሴራ ሳኒታሪያ” የሚባለውን የጤና ካርድ ያገኛሉ። ካርዱን ያገኘ ሰው “ሜዲኮ ዲ ባዜ” የሚባል የራሱ ጠቅላላ ሐኪም ይመደብለታል። ወደ ቆዳ ሐኪም የሚልከውም እርሱ ነው። ሐኪሙ “ኢምፔኛቲቫ” የተባለ ማዘዣ ይጽፋል፤ ታካሚው ማዘዣውን ይዞ “ኩፕ” ወደሚባለው የቀጠሮ ማዕከል በአካል ወይም በስልክ ይቀርባል። በብዙ ቦታ ፋርማሲዎችም ቀጠሮ ያስይዛሉ።

በማዘዣው ላይ አንድ የላቲን ፊደል አለ። ፊደሏ ትንሽ ብትሆንም የምትነግረው ነገር ብዙ ነው። “ኡ” ከሆነ ታካሚው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ “ቢ” ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ፣ “ዲ” ከሆነ በ30 ቀን ውስጥ፣ “ፒ” ከሆነ ደግሞ በ120 ቀን ውስጥ መታየት እንዳለበት ያመለክታል። ሕመሙ በፍጥነት የሚስፋፋ፣ ትኩሳት ያለው ወይም እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ይህን ለጠቅላላ ሐኪሙ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሐኪሙ ፊደሉን የሚመርጠው በሰማው ልክ ስለሆነ በቋንቋ እጥረት ዝም ያለ ታካሚ አራት ወር ሊጠብቅ ይችላል።

የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰውም በሩ አልተዘጋበትም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የውጭ ሀገር ዜጎች ሕግ አስቸኳይና መሠረታዊ ሕክምናን ለእነዚህ ሰዎችም ይፈቅዳል። ለዚህም በጣሊያንኛ “ኤሴ ቲ ፒ” ተብሎ የሚጠራ፣ ለስድስት ወር የሚያገለግልና የሚታደስ የሕክምና ቁጥር ይሰጣቸዋል። የመክፈል ዐቅም የሌለው ሰው ይህንኑ በፊርማው ያረጋግጣል። የጤና ተቋሙ አንድ ሰው ፈቃድ ስለሌለው ብቻ ለፖሊስ ማሳወቅ እንደሌለበት ሕጉ በግልጽ ይደነግጋል። ይህን የማያውቁ ወገኖች በፍርሃት ቤት ሲቀሩ በቀላሉ ሊድን የሚችለው ሕመም ይጠናባቸዋል፤ የሚተላለፍ ከሆነም አብረዋቸው ለሚኖሩት ይደርሳል።

አስማሚን በወቅቱ መጠየቅ

በጣሊያን የጤና ተቋማት በታካሚና በሐኪም መካከል የሚቆመው ባለሙያ “ሜዲያቶሬ ኩልቱራሌ” ይባላል፤ ቃሉ የባህል አስማሚ እንደማለት ነው። ሥራው ቃልን በቃል ከመተካት ይሰፋል። “ምች” ሲባል በሀገር ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለሐኪሙ ያስረዳል፤ ሐኪሙ የሚጠይቀውም ለምን እንደሆነ ለታካሚው ያብራራል። ይሁን እንጂ አስማሚ በየክሊኒኩ በየቀኑ አይገኝም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቀጠሮ ሲያዝ ነው። “ሚ ሴርቬ ኡን ሜዲያቶሬ” ማለት “አስማሚ ያስፈልገኛል” ማለት ነው። አማርኛ በጣሊያንኛ “አማሪኮ” ይባላል። ቃሉ ለጆሮ ከ“አሜሪካኖ” ጋር ስለሚቀራረብ በወረቀት ጽፎ ማሳየት ይመረጣል።

ብዙ ወላጆች የአካባቢውን ቋንቋ ትምህርት ቤት የተማረውን ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ይወስዳሉ። ይህ ለመንገድና ለገበያ ቢጠቅምም ለሕክምና አይመከርም። ልጁ የማያውቃቸውን የሕክምና ቃላት በግምት ይሞላል፤ ከዕድሜው በላይ የሆነ ወሬም ይሸከማል። በኀፍረት አካሏ አካባቢ ሽፍታ የወጣባት እናት በልጇ ወይም በወንድሟ ፊት እውነቱን አትናገርም። ባለሙያው አስማሚ ግን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አስማሚ ሳይገኝ ቀርቶ የስልክ መተግበሪያ መጠቀም ግድ ከሆነ አጫጭርና ፈሊጥ የሌለባቸው ዓረፍተ ነገሮችን መጻፍ ይረዳል። “ይበላኛል” ከማለት “ቆዳዬን ማከክ እፈልጋለሁ፤ ሌሊት ይብሳል” ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ታሪኩን በወረቀት ማስፈር

ቆዳ በዓይን የሚታይ ስለሆነ “ሐኪሙ አይቶ ይወቅ” የሚል አስተሳሰብ ይደመጣል። ዓይን ግን ብቻውን አይበቃም። በመጽሐፍ “ቀይ ሽፍታ” ተብሎ የተጻፈው ምልክት በጠቆረ ቆዳ ላይ ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ይታያል። ነጭ ቆዳ ማየት የለመደ ሐኪም የቁጣውን መጠን አሳንሶ ሊገምት ይችላል። ሕመሙ ሲብስ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የሚያክክና የሚያቃጥል መሆኑን የሚገልጽ ቃል ይህን ክፍተት ይሞላሉ።

ትውልድ ቦታም ከታሪኩ አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚገኘው ቁንጭር የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ሲሆን ጥገኛ ተሕዋሱ በሽኮኮ ውስጥ ይኖራል። ከንክሻው በኋላ ቁስሉ እስኪወጣ ሳምንታት ወይም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በመሆኑም በገጠር የተነከሰ ሰው ቁስሉ የሚወጣበት ሮም ከደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ጣሊያንም የራሷ የሆነ ተመሳሳይ በሽታ አላት፤ ተሕዋሱ ግን የተለየ ዝርያ ነው። የኢትዮጵያው ዝርያ አዝጋሚና አንዳንዴም በፊት ላይ በሰፊው የሚዛመት በመሆኑ ሕክምናው በዝርያው ይወሰናል። “ያደግሁት በደጋ ነው፤ በአካባቢያችን ሽኮኮ አለ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሐኪሙ ትክክለኛውን ምርመራ እንዲያዝ መንገድ ይጠርጋል።

ሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው። ከተሕዋሱ ጋር ከተገናኙበት ጊዜ እስከ ምልክቱ መታየት በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በአውሮፓ የሚሠራ ሐኪም በሽታውን በቶሎ ላያስበው ይችላል። የደበዘዘና የማይሰማ፣ ሙቀትና ቅዝቃዜን የማይለይ የቆዳ ክፍል ያለበት ሰው ይህን በኀፍረት መደበቅ የለበትም። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ የሚያሰናክለው መዘግየቱ ነው።

የቀን አቆጣጠር ልዩነትም ወጥመድ አለው። ቁስሉ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የጀመረው ሰው “2017” ብሎ ቢናገር ጣሊያናዊው ሐኪም የሚረዳው ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ዓመት ያህል ቀድሞ እንደጀመረ ነው። በወራት ዕድሜ ላይ ያለ ቁስልና ለዓመታት የቆየ ቁስል በሐኪም ዘንድ የተለያየ ነገር ያሳስባሉ። በመሆኑም ዓመት ከመጥራት “ከስምንት ወር በፊት” ማለት ከስሕተት ያድናል። በሰዓትም እንዲሁ ነው። በቀጠሮ ወረቀት ላይ 9፡00 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን 15፡30 ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ30 ነው። ለወራት የተጠበቀ ቀጠሮ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊያመልጥ ይችላል።

በስም አጻጻፍም ጥንቃቄ ያሻል። ጣሊያን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በአባት ስም ይጠራሉ። በአንዱ ወረቀት የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም ከተመዘገበ መዝገቡ ለሁለት ይከፈላል፤ የቀድሞው የምርመራ ውጤትም ይጠፋል። በፓስፖርት ወይም በመኖሪያ ፈቃድ ላይ ያለውን አጻጻፍ ሳይቀይሩ መጠቀም ይበጃል።

የተቀቡትን አለመደበቅ

ታካሚዎች ለሐኪም ሳይናገሩ ከሚያልፏቸው ነገሮች ዋነኛው ቀድሞ የተቀባ ነገር ነው። ከገበያ የተገዛ ቅባት፣ ከሀገር ቤት የተላከ ቅጠል፣ በጓደኛ ምክር የተወሰደ ክኒን ሁሉ የቆዳውን መልክ ይለውጣሉ። እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች በጭርት ላይ ሲቀቡ ማሳከኩንና መቅላቱን ያበርዱታል፤ ፈንገሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። ሐኪሙ የሚያየው መልኩን የለወጠ በሽታ ስለሚሆን ሌላ ሕመም ሊመስለው ይችላል።

ቆዳን ለማቅላት የሚሸጡ ቅባቶችም ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖንን ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች ያገደ ሲሆን ሜርኩሪም በእነዚህ ቅባቶች ውስጥ የተከለከለ ነው። ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው ሳይናገር ድንገት ቢያቋርጥ ቆዳው ሊቆጣ ይችላል። ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን ለማከም ነው። የቅባቱን ቱቦ ወይም የክኒኑን ማሸጊያ ይዞ መሄድ ስሙን በቃል ለማስረዳት ከመድከም ያድናል።

ሦስት ነገሮች ደግሞ ሳይነገሩ መታለፍ የለባቸውም። የመጀመሪያው የመድኃኒት አለርጂ ሲሆን በጣሊያንኛም “አሌርጂያ” ይባላል። ሁለተኛው እርግዝና ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት “ኢንቺንታ” ትባላለች። ለምሳሌ ለከባድ ብጉር የሚታዘዘው አይሶትሬቲኖይን በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ሦስተኛው በየቀኑ የሚወሰድ ማንኛውም ሌላ መድኃኒት ነው።

ከክሊኒኩ ሲወጡ

ሐኪሙ ከቆዳው ላይ ትንሽ ናሙና መውሰድ ቢፈልግ ቦታውን አደንዝዞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይቆርጣል። ከዚያ በፊት የሚፈረም ወረቀት ይሰጣል። የጣሊያን ሕግ ታካሚው የሚደረግለትን ተረድቶ እንዲስማማ ያዝዛል፤ ስለዚህ ያልተረዱትን ወረቀት ከመፈረም በፊት “ኖን ኦ ካፒቶ” ማለት ይቻላል፤ “አልገባኝም” ማለት ነው። የምርመራው ውጤት “ሬፌርቶ” ይባላል። ውጤቱን ተመልሶ መውሰድና ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ ነገ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ሀገር ለሚሻገር ሰው ምርመራውን ከመጀመሪያው ከመድገም ያድነዋል።

የሐኪሙ ትእዛዝ በትክክል አለመሰማቱ ምን እንደሚያስከትል እከክ ጥሩ ማሳያ ነው። በሊቢያ በኩል አቋርጠው በተጨናነቁ ማቆያዎች ያለፉ ስደተኞች በብዛት የሚይዛቸው ሕመም ነው። ፔርሜትሪን የተባለው ቅባት የሚቀባው በሚያሳክከው ቦታ ብቻ ሳይሆን ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር ጭምር ነው። ለስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። በአንድ ክፍል የሚያድሩት ሁሉ ባያሳክካቸውም በአንድ ቀን መቀባት አለባቸው። ልብስና አንሶላ በ60 ዲግሪ ሙቀት ይታጠባል፤ የማይታጠበው በላስቲክ ታስሮ ቢያንስ ለሦስት ቀን ይቆያል።

ማሳከኩ ተሕዋሱ ከሞተ በኋላም ለሁለትና ለአራት ሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። ይህን ያልሰማ ታካሚ “መድኃኒቱ አልሠራም” ብሎ በየቀኑ ሲቀባ ቆዳውን ያቆስላል። በአንጻሩ አብሮት የሚያድረው ሰው ካልታከመ በሽታው ዳግም ይመለሳል። ስለዚህ ከክፍሉ ከመውጣት በፊት የተባለውን በራስ ቃል ደግሞ መናገር፣ ወይም በጣት አሳይቶ “ማቲና” ማለትም ጠዋት፣ “ሴራ” ማለትም ማታ፣ “ስንት ቀን?” ብሎ ማረጋገጥ ሊታለፍ የማይገባው እርምጃ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚቀባም በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ በአማርኛ መጻፍ ይረዳል።

የቤተሰብ ድርሻ

በሀገር ቤት የቀረ ቤተሰብ ለዚህ ሁሉ ሩቅ አይደለም። ልጁ በስልክ “ቆዳዬ አመመኝ” ሲል ቅባት ወይም ቅጠል በመንገደኛ ከመላክ ይልቅ የሚያስታውሱትን መንገር ይበልጥ ይጠቅመዋል። በሕፃንነቱ ቁንጭር ይዞት እንደነበር፣ በቤት ውስጥ ወይም በጎረቤት ሥጋ ደዌ ታክሞ የዳነ ሰው እንዳለ፣ መርፌ ተወግቶ ሰውነቱ አብጦ እንደነበር የሚያውቁት እናትና አባት ናቸው። ይህ በጣሊያን መዝገብ ውስጥ አይገኝም።

የጤና ጣቢያ ካርድና ቀድሞ የተሰጠ የመድኃኒት ወረቀት ካለ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ ይቻላል። ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ደግሞ ከልብሱ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። ያደገበት አካባቢ፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ቀድሞ የያዘው ሕመም በላቲን ፊደል ከሰፈሩበት ጣሊያንኛ የማይችለው ታካሚ በሐኪሙ ፊት ባዶ እጁን አይቀመጥም።